ሳሊሐና ቀፎ ጠባቂዎቹ

መቱ ገበያ ውስጥ ማር የምትሸጠው ሳሊሐ ደንበኞቿን በቀኝ በኩል ታስቆማለች። በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ከጆሮዋ በላይ ፀጉር የማይበቅልበት፣ የአውራ ጣት ስፋት ያለው ጠባሳ አለ፤ በሻሿ ትሸፍነዋለች። የሚያውቋት ስለ እሱ አይጠይቋትም። ከማያውቋትም ብዙዎቹ ቪዲዮውን አይተውታል።

ወላጆቿ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እሷ በእናቷ ጀርባ ላይ ነበረች። ያደገችው ሁሩሙ አጠገብ ባለች የሰፈራ መንደር ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ ሁለቱንም እየቀላቀለች። ባሏ የቡና ጭነት መኪና ተገልብጦ ሲሞት የተወላት ጥቂት ቀፎዎች ነበሩ። እሷም የራሷን ማር ከሌሎች ሰዎች ከምትሰበስበው ጋር መቱ ወስዳ መሸጥ ጀመረች። ያስቸገራት ገበያው ሳይሆን ዋጋው ነበር። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ዋጋውን ማታ በስልክ ተስማምተው ያድራሉ፤ ከጫካ ዳር ማሩን ተሸክሞ የሚመጣው ገበሬ ግን የሚሰማው ጠዋት እዚያው ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓ.ም. «የሁሩሙ ማር ዋጋ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች።

ሰው ለማስገባት ያላደረገችው ነገር የለም። ሊንኩን በወረቀት አሳትማ በሚኒባስ መስኮትና በወፍጮ ቤት በር ላይ ለጠፈች። አሥር ሰው ላስገባ የሞባይል ካርድ ላከች። ሰዎቹ ይገባሉ፤ ጠዋት ዋጋውን አይተው ከሰዓት ይወጣሉ። ካርዱን ያገኙትም ያስገቧቸውን ዘመዶቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። አንዳንድ ቀን ከእሷ በቀር የሚጽፍ አይኖርም።

ግሩፑን ያደራጀላት መቱ ውስጥ ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን መሀመድ ሰዒድ የሚባል ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሱቁ ሄዳ አማረረችለት።

«እህቴ፣ ሰው ለዋጋ ብሎ አይቆይም» አላት፣ የተከፈተ ስልክ ላይ እንዳጎነበሰ። «ሰው የሚቆየው የሚናደድበት ሲያገኝ ነው።»

«ማር ላይ ደግሞ ምን የሚያናድድ አለ?»

«ሌባ የለባችሁም?»

ነበረባቸው። በዚያ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ሌባው ሲመሽ ወጥቶ የቀፎውን ማሰሪያ ይቆርጥና ወደ መሬት ይለቀዋል። ቀፎው ይሰነጠቃል፣ ማሩ ይወሰዳል፣ ንቡ ያልቃል ወይም ጥሎ ይሄዳል። ባለቤቱ በማግስቱ መጥቶ የሚያገኘው ጉንዳን የወረረው ሰፈፍ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የሳሊሐ ቀፎ ተሰረቀ። ጎረቤቶቿ አንድ ሰው ከነከረጢቱ ያዙ። እሷ ስትደርስ ሰውየው መሬት ላይ ነበር። በአጥር እንጨት ነው የመቱት። የላይኛው ከንፈሩ ተቀዶ ጥርሱ ይታያል፤ ደሙ ከማሩ ጋር ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ረግቷል። ሳሊሐ አንዴ አየችውና ስልኳን አወጣች። ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለጠፈችና ከሥሩ «የሰው ላብ የበላ» ብላ ጻፈች።

ማምሻውን የአባላቱ ቁጥር እጥፍ ሆኖ ነበር። በማግስቱም ጨመረ። ማንም አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ግሩፑን አብሯት ማስተዳደር የጀመረው መሀመድ ሰዒድ ስሙን «ቀፎ ጠባቂ» ብሎ ለወጠው። ሌላም ሐሳብ አመጣ። ሌባ ተይዞ ጥሪ ሲተላለፍ ሥራውን ጥሎ የመጣ ሰው ከስሙ አጠገብ «ጠባቂ» የሚል ማዕረግ ይጻፍለት አለ። ቴሌግራም ላይ ይህን ለመጻፍ ሰውየውን የግሩፑ አስተዳዳሪ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ መሀመድም አደረገው። ማዕረጉን ያገኘ ሁሉ የሌላውን መልእክት ማጥፋትም ሰው ማባረርም ይችላል።

«ሁሉንም ሥልጣን ነው እንዴ የሰጠሃቸው?» አለችው ሳሊሐ።

«ምን ሊያደርጉበት? እነሱ የሚፈልጉት ስሙን ነው።»

በእርግጥም ስሙን ይፈልጉት ነበር። ባጃጅ ነጂዎች፣ ቡና ለቃሚዎች፣ ሥራ ያላገኙ ተመራቂዎች፣ አንድም ቀፎ የሌላቸው የከተማ ልጆች ጥሪ ሲመጣ በሞተር ይደርሳሉ። መሀመድ ካናቴራ አሳተመላቸው። ስልክም የሚገዙት ከእሱ ነው። ያዮ መንገድ ላይ የተያዘን አንድ ሰው ከዛፍ ግንድ ጋር አሰሩት፤ ማር በውኃ በጥብጠው ፊቱና አንገቱ ላይ አፈሰሱበት፤ ከዚያ አንድ የንብ ቀፎ ከፍተው ሸሹ። የሰውየው ጩኸት ከሩቅ በተቀረጸው ቪዲዮ ላይ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሲያንስ ይሰማል፤ መጨረሻ ላይ የሚሰማው የሚቀርጹት ሰዎች ሳቅ ነው። ሰውየው ተረፈ። አንድ ዓይኑ ግን አልተረፈም። በዚያ ሳምንት ከጎሬና ከበደሌ ሳይቀር ሰው ወደ ግሩፑ ጎረፈ። ሳሊሐ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አላየችውም። አላጠፋችውምም። ማሯ ለግሩፑ አባላት በጥሩ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ ገበያ ላይም «የጠባቂዎቹ ሳሊሐ» እያሉ ቦታ ይለቁላት ጀመር።

ከአባላቱ ሁሉ የሚከበሩት ጋሼ ክንፈ ናቸው። ከሳሊሐ ወላጆች ጋር በአንድ መኪና የመጡ ሰፋሪ ሲሆኑ ስድሳ አምስትን አልፈዋል። ካናቴራውን መጀመሪያ የለበሱት እሳቸው ናቸው። አዲስ ጠባቂ ሲሾም በድምፅ መልእክት የሚመርቁትም እሳቸው ናቸው። ምርቃታቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ነገር ነበር፦ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥቼ ማሬን የምቆርጥ ሰው ነኝ። ሌባው ግን በወጣት ጉልበቱ የሽማግሌ ላብ ይሰርቃል።»

ውሸት ነበር። ጋሼ ክንፈ ዛፍ አይወጡም፤ አንድም ጊዜ ቀፎው ጋ ደርሰው አያውቁም። ከደጋ ሲመጡ የአገሩ ሰው «ሰፋሪ ዛፍ ሲያይ ይዞረዋል» እያለ ይስቅባቸው ስለነበር፣ ገና በመጀመሪያው ዓመት ቀፎ ሊሰቅሉ ብቻቸውን አንድ ቀረሮ ላይ ወጡ። ግማሽ ሲደርሱ ግንዱን አቅፈው ቀሩ። ወደ ላይም ወደ ታችም እምቢ አሉ። በገመድ አስረው ያወረዷቸው የጎረቤታቸው የደበሳ አባት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀፎውን የሚሰቅሉትና ማሩን የሚቆርጡት የደበሳ አባት ሆኑ፤ አባትየው ሲሞቱ ደግሞ ልጃቸው ደበሳ። ክፍያው የማሩ እኩሌታ ነው። ሥራው የሚሠራው ሲመሽ፣ ሰው ከመንገድ ሲገባ ነው። ጠዋት ጋሼ ክንፈ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጥለው በመንደሩ መሀል ያልፋሉ።

ይህን ከሁለቱ ሌላ የሚያውቁት የደበሳ ሚስት ዋሪቱና ሳሊሐ ብቻ ነበሩ። ሳሊሐ ያወቀችው የደበሳን ድርሻ ስለምትገዛ ነው። አንድም ቀፎ የሌለው ሰው በየዓመቱ ማር ይዞ ሲመጣ ጠየቀችው።

«ማሎ ሳሊሐ፣ አደራሽን» ሲል ለመናት ደበሳ። «ወሬው ከወጣ ጋሼ ዛፉን ይከለክሉኛል። ልጆቼ የሚበሉት ከዚያ ዛፍ ነው።»

እሷም ለማንም አልተናገረችም።

ግሩፑ በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት በግንቦት ወር፣ የሁሩሙ ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት፣ ሳሊሐ እዚያው ማር እየመዘነች ሳለ ስልኳ በተከታታይ ጮኸ። ግሩፑ ላይ ፎቶ ተለጥፏል። ደበሳ ተንበርክኳል፤ የማሩ ባልዲ ራሱ ላይ ተደፍቷል፤ ማሩ በዓይኑና በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። ከሥሩ «ከጋሼ ክንፈ ዛፍ ሰርቆ ተያዘ። ጠባቂዎች ኑ» ይላል። ደበሳ በዋዜማው ሲመሽ ማሩን እንደቆረጠ ዝናብ ያዘው፤ ዛፉ ሥር ተጠልሎ አድሮ ነግቶበት ሲመለስ መንገድ ላይ አገኙት።

ሳሊሐ «ልቀቁት፣ አውቀዋለሁ፣ ሌባ አይደለም» ብላ ጻፈች። መልእክቱ ዓይኗ እያየ ጠፋ። ደግማ ጻፈች፤ ያም ጠፋ። በሦስተኛው በድምፅ ላከች፦ «ደበሳን የላኩት ራሳቸው ጋሼ ክንፈ ናቸው! ከአባቱ ጀምሮ ማሩን የሚቆርጥላቸው እሱ ነው!» ጥቂት ሰዎች ሳይሰሙት አልቀሩም። አንዱ «አድሚኗ ስንት በላች?» ብሎ ጻፈ። የድምፅ መልእክቱም ጠፋ። ካናቴራ ለብሰው ማዕረግ የተሰጣቸው ሰዎች የተሰጣቸውን ሥልጣን እየተጠቀሙበት ነበር።

ጋሼ ክንፈ ዘንድ ደወለች።

«ጋሼ፣ የት ነዎት?»

«እዚሁ ነኝ።»

«እዚሁ የት?»

«ከሰዎቹ ጋር።» ከኋላቸው የዱላ ድምፅ ይሰማል፤ «ሀቱ! ሀቱ!» እያሉ ሌባነቱን የሚያውጁበት ጩኸትም።

«ታዲያ ይናገሩላቸው እንጂ! ይገድሉታል እኮ!»

 ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ብዙ ሰው አለ» አሉና ዘጉት።

ሳሊሐ ሚዛኑን እንደተሰቀለ ትታ ባጃጅ ያዘች። ነጂው ወዴት እንደምትሄድ ሲሰማ «እኔም ወደዚያው ልሄድ ነበር» አለ ደስ ብሎት።

ቀረሮው ጥርጊያው መንገድ የሚያልቅበት፣ የቡና ጫካው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ሰዉ ክብ ሠርቷል። ስልኮች ወደ ላይ ተነስተዋል፤ መሀመድ ሰዒድ ድንጋይ ላይ ቆሞ በግሩፑ በቀጥታ ያስተላልፋል። ዋሪቱን ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ይዘዋታል፤ ነጠላዋ ወልቆ ጭቃ ውስጥ ተረግጧል። የደበሳን ቀኝ እጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው አንዱ ክንዱን በጉልበቱ ተጭኖታል፤ ሌላው በመጥረቢያ እጀታ ጣቶቹን ይመታል። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰማል። ደበሳ ጩኸቱን ጨርሷል። በእያንዳንዱ ምት አፉ ይከፈታል እንጂ ድምፅ አይወጣውም።

«እስቲ አሁን ውጣ!»

«ጣፈጠህ? ላስ እንጂ፣ እጅህ ላይ አለልህ!»

«ግራውንም! ግራውን አትርሳበት!»

ሳሊሐ ሰው እየገፋች መሀል ገባች። «ሌባ አይደለም! ጋሼ ክንፈ ናቸው የላኩት! ጠይቋቸው! እዚሁ አሉ!»

ዱላው ቆመ። ሰዉ ዞረ። ጋሼ ክንፈ ካናቴራቸውን ለብሰው፣ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ፣ ክቡ ጠርዝ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እውነት ነው? እርስዎ ነዎት የላኩት?» አለ የመጥረቢያ እጀታውን የያዘው፣ በአክብሮት።

ደበሳ ቀና ብሎ አያቸው። አንድ ዓይኑ በማርና በደም ተለጥፏል፤ በሌላው ነው ያያቸው። ጋሼ ክንፈ እሱን አላዩትም። ዛፉን አዩ። ከዚያ ዙሪያቸውን የከበበውን ሰው አዩ።

«እኔ ዛፌን ራሴ ነኝ የምወጣ» አሉ።

የደበሳን ግራ እጅ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ይመቱት ጀመር።

ሳሊሐ ስልኳን አወጣች። ማዕረግ ያለው ሁሉ መልእክት ማጥፋት ይችላል፤ ግሩፑን ራሱን ማጥፋት የሚችለው ግን የከፈተው ሰው ብቻ ነው። ይህን የነገራት መሀመድ ሰዒድ ነበር። ባለቤትነቱን በስሙ እንድታዛውርለት ደጋግሞ ለምኗታል፤ እሷም እያመነታች ቆይታለች። አሁን እጇን ሲያይ ከድንጋዩ ወረደ።

«ሳሊሐ! ተይ! ስንት ዓመት የለፋንበት ነው!»

ተጫነችው። ስልኩ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት፤ ደግማ ተጫነችው።

መጀመሪያ ያስተዋሉት ስልክ የያዙት ናቸው። «ተቋረጠ» አለ አንዱ። «የኔም።» «የለም እኮ! ግሩፑ የለም!» የመጥረቢያ እጀታውን የያዘውም ዱላውን ብብቱ ሥር አድርጎ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። በደም የረጠበ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ ስክሪኑን ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተ ፈለገ።

«ስሜስ?» አለ። «ጠባቂ የሚለውስ?»

«አጠፋችው!» አለ መሀመድ ሰዒድ፣ በጣቱ እያሳያት። «ያቻትላችሁ! ሸጠቻችሁ!»

ክቡ ከደበሳ ላይ ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። የመጀመሪያው ጥፊ ሻሿን አወለቀው። ሁለተኛውን ከየት እንደመጣ አላየችም። ጭቃው ላይ ስትወድቅ ጎድኗን በጫማ መቷት፤ አንድ ሰው ፀጉሯን ይዞ ፊቷን ወደ ስልኩ ቀና አደረገው። «ተናገሪ! ስንት በላሽ?» ዋሪቱን የያዟት ጎረምሶችም ይህን ለማየት ለቀቋት። ዋሪቱ ባሏን በብብቱ ይዛ ወደ ኋላ እየጎተተች ባጃጁ ውስጥ ስታስገባው ሳሊሐ በሰዎቹ እግር መሀል አየቻት። ነጂው የለም፤ እሱም ሳሊሐን ከከበቧት መሀል ነው። ዋሪቱ በኦሮምኛ በስሙ ስትጠራው ደንግጦ ዞረ፤ የጎረቤቷ ልጅ ነበር። ምን እንዳለችው ሳሊሐ አልሰማችም። ነጂው ሮጦ ገባ፤ ባጃጁ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጥረቢያ እጀታው ግራ ጆሮዋ ላይ አረፈ።

ደበሳ ከመቱ ሆስፒታል ሲወጣ በሕይወት ነበር። ጣቶቹ ግን አይታጠፉም፤ ኩባያ የሚይዘው በሁለት መዳፉ መሀል ደግፎ ነው። ከደብዳቢዎቹ ጥቂቶቹ ታሰሩ። መሀመድ ሰዒድ በዚያው ሳምንት ሌላ ግሩፕ ከፈተ፤ መጀመሪያ የለጠፈው ሳሊሐ ስትደበደብ የሚያሳየውን ቪዲዮ ነው። «ወንድሞቿን የሸጠች» የሚል ርእስ ሰጠው። ሳሊሐ ሊንክ ለጥፋ፣ ካርድ ልካ፣ የሌባ ፎቶ አሳይታ ያልሰበሰበችውን ሰው ያ ቪዲዮ ሰበሰበው። አንዳንዴ ሊንኩ ለእሷም ይደርሳታል፤ ላኪዎቹ ማን እንደሆነች ሳያውቁ «ግቢ፣ ጥሩ ግሩፕ ነው» ብለው ይልኩላታል።

ሁሩሙ ሄዳ ማር መሰብሰብ ስለማትችል አሁን ከየመንደሩ የምትሰበስብላት ዋሪቱ ናት። ገበያ ቀን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። 

በቀጣዩ ዓመት የቡና አበባ አልፎ ማር መቁረጫው ሲደርስ የጋሼ ክንፈ ቀፎዎች አልተነኩም። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። ንቡ ቦታ ጠቦት በቀፎው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዎች መጀመሪያ «ሽማግሌው አሞት ይሆናል» አሉ። ቀጥሎ ምንም ማለት ተዉ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ክንፈ መቱ ድረስ መጡ። ካናቴራውን አልለበሱም። በሳሊሐ ግራ በኩል መጥተው አጠገቧ አጎነበሱና አንድ ነገር አንሾካሾኩ።

«በዚህ በኩል አልሰማም ጋሼ» አለች ከሚዛኗ ሳትነሳ። «ወደዚህ ዞረው ጮክ ይበሉ።»

ዞሩ። በቀኟ በኩል ዋሪቱ ተቀምጣለች፤ ከዋሪቱ ቀጥሎ ገዢዎች ቆመዋል። ጋሼ ክንፈ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙት።

«የሚወጣልኝ ሰው ታውቂ እንደሆን ብዬ ነው።»

«ጮክ ይበሉ እንጂ።»

«ዛፉን የሚወጣልኝ ሰው!» አሉ። ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ወጣ። «እኔ መውጣት አልችልም! ድሮም አልችልም ነበር!»

ዋሪቱ ሰፈፍ የምትጨምቅበትን እጇን አቆመች።

«ለእኔም ይድገሙልኝ ጋሼ» አለች።

ገዢዎቹ ዞሩ። ከጀርባ አንዱ «እኚህ ሰውዬ እኮ ክንፈ ናቸው፣ የቀፎ ጠባቂው!» አለ፤ ሌላው «ሰውየውን ያስደበደቡት?» አለ። ሦስተኛው ጎረምሳ ወደ ሳሊሐ ግራ ጠጋ ብሎ ስልኩን አነሳና የሽማግሌውን ፊት መቅረጽ ጀመረ። ጋሼ ክንፈ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆሙ።

ሳሊሐ ተነስታ በስልኩና በሽማግሌው መሀል ቆመች።

«ኪስህ ክተተው» አለችው።

ጎረምሳው አንድ ነገር መለሰላት። አልሰማችውም፤ በግራዋ በኩል ነበር።